አባ ኪዳነ ያልጠየቁኝ

ውድ አንዷለም፣

…ውሃው ግን በረዶ ነበር፤ እሱን አልረሳሁትም። ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ቤተልሔሟ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። እኔ ዱቄቱን እነፋለሁ፣ አንተ ታቦካለህ። እጄን ልታጠብ ጎንበስ ስል እጅህን ከነሊጡ አውጥተህ የእጄ አንጓ ላይ አሳረፍከው። ትዝታው እዚህ ላይ ይቆምብኛል። መጀመሪያ እጁን ያነሣው ማን እንደሆነ አላስታውስም። አንተ ነህ? እኔ ነኝ? ያኔውኑ ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር፤ አልጠየቅኩህም።

ያን ቀን ምእመኑ የቆረበው እኛ ባዘጋጀነው ኅብስት ነው። አንድ ሰው እንኳ አልታመመም። ሳምንቱን ሙሉ ግን በየደጁ ሳልፍ ሳል ይሰማ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን አቆም ነበር።

ይህን የምጽፍልህ ተመለስ ልልህ አይደለም። ለዳግማይ ትንሣኤ ተክሊል ልደፋ ነው። ሙሽራዬ ትሕትና ትባላለች፤ የወዲያኛው ደብር ቄስ ልጅ ናት። ሚስት ያላገባ ዲያቆን፣ ካልመነኮሰ በቀር፣ ቄስ እንደማይሆን ለአንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሠርጉ እንዳለፈ ደብረ ብርሃን ወርጄ ቅስና እቀበላለሁ፤ አባቴ በቆሙበት እቆማለሁ። ጠላው ተጠንስሷል ሊባል ምንም አልቀረው። እኔ ደግሞ እንቢ የሚለውን ቃል ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ አፌ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። እስከ ሠርጉ ካልወጣ፣ ከዚያ በኋላ ቢወጣ ዋጋ የለውም።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ኔትወርኩ እንደ አራስ አመሉ አይታወቅም፤ ሲመጣም ስልኩን የምይዘው አባቴ አጠገብ ነው።

አባቴን ታውቃቸዋለህ፤ አንተ ግን የምታውቀው ቄስ ተገኘን ነው፣ መቅደስ ውስጥ ያሉትን። ቤት ውስጥ ያሉትን ልንገርህ። ልጅ ሳለሁ፣ የማታው ጸሎት እንዳበቃ፣ ራት ከመቅረቡ በፊት «ዛሬ ምን በደልክ?» ይሉኝ ነበር። አንድ በደል ሳልናገር እጄን ለማዕድ አልዘረጋም። አንዳንድ ቀን ምንም በደል አይኖረኝም። ያን ጊዜ እፈጥር ነበር። በጉን በድንጋይ መታሁት እላለሁ፤ በጉን አልነካሁትም። ስሜ ሲጠራ ዝም አልኩ እላለሁ፤ አልተጠራሁም። ሌባ ባልሆንም ሌባ የሚናዘዘውን ሁሉ ተናዘዝኩ። ጎበዝ ሆንኩበት። በኋላ እውነተኛው ነገር ሲመጣ ለእሱ ቃል አልነበረኝም፤ የተማርኩት ሁሉ ለሌላ በደል የተሠራ ነው። ደግሞስ በደል ነው? ይህን መጠየቄ ራሱ ያስፈራኛል። ግን እጠይቃለሁ፤ ሌት አይልም ቀን፣ እንደ ጥርስ ሕመም ምላሴ ወደ እሱ ይሄዳል።

የጓሳው ሣር ለአጨዳ የተከፈተ ጊዜ ትዝ ይልህ ይሆን? የቤተልሔሟ ክዳን አርጅቶ ሣር አጭዳችሁ አምጡ ብለው እኔና አንተን ላኩን። ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። ያጨድነውን ነዶ ማየት አቃተን፤ ፈረሱ እንኳ ድምፅ ብቻ ሆነ። የበግ ጠጉር ባናዬን ለሁለት ለበስነው። የሆነውን አልጽፈውም፤ ወረቀት ሰው እጅ ይገባል። የተናገርከውን ግን እጽፋለሁ።

«ምንይሉ፣ እግዜር ጉም ውስጥ ያያል?» አልከኝ።

«ያያል።»

«እንግዲያው ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው። ለሱ የሆነውን ለሱ ተወው፤ አንተ እግርህን አሙቅ።»

ሳቅኩ። እየፈራሁ ነው የሳቅኩት። እየፈሩ መሳቅ እንደሚቻል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ልብሰ ተክህኖህን አጣጥፈህ ለአባቴ ሰጠሃቸውና «ለማገልገል አልበቃሁም» አልክ። አባቴ ከዘመዶችህ ጋር በመሬት ተጣልተህ ነው ብለው አሰቡ፤ ሁለት ጊዜም ሽማግሌ ሊልኩ ተነሥተው ነበር። አንተ ግን ዓለም ከተማ ገባህ። ጎሚስታ ሆነ አሉኝ።

እኔ ቀረሁ። አሁንም መቅደስ እገባለሁ። የማይገባኝ ይህ ነው፣ አንዷለም፤ ስጸልይ እንደ ድሮው ይሞቀኛል። ይቀዘቅዛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰማዩ ይዘጋብኛል፣ ዜማው ጉሮሮዬ ላይ ይደርቃል ብዬ ነበር። አልደረቀም። እንዲያውም ድምፅህ አማረ አሉኝ። ይህ ምሕረት ነው ወይስ መታለል? አንተስ እንዴት ነህ? ጎማ ስትለጥፍ ዜማ ታዜማለህ? ሁዳዴን ትጾማለህ? ቅጥሩ ውስጥ ትገባለህ ወይስ ከደጀ ሰላሙ ተሳልመህ ትመለሳለህ? እጅህ ምን ምን ይላል? የመጨረሻውን አትመልስልኝ።

ለተክሊል መናዘዝ ግድ ነውና ሰሞኑን የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ኪዳነን ታውቃቸዋለህ፤ ቀልድ ከንስሐ ጋር የሚያስኬዱ ሽማግሌ ናቸው። ጥዱ ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጀመሩ።

«ሴት ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ አባ።»

«በእጅህስ? በከንፈርህስ?»

«አልነካሁም።»

«በዓይንህ?»

«በዓይኔም።»

ሳቁ። «በዓይኑ እንኳ ያልነካ ጎረምሳ ሳይ የመጀመሪያዬ ነህ። እኔ በአንተ ዕድሜ ዓይኔን ብቻ ስከለክል ሱባዔው ያልቅብኝ ነበር።» ከዚያ ስለ ጾም ጠየቁኝ፤ ስለ ሐሰት፣ ስለ ስርቆት፣ ስለ ድንበር መግፋት። እኔ አንዷን ጥያቄ እጠብቃለሁ። ብጠየቅ እንደምመልስ አውቅ ነበር፤ እምልልሃለሁ፣ እመልስ ነበር። እሳቸው መስቀሉን አነሡ።

«አባ፣ ሌላ የሚጠይቁኝ የለም?»

«ምን ቀረ? ግብር ከፍለሃል ወይ ልበልህ?»

ግንባሬን በመስቀሉ ዳስሰው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። ንጹሕ ነው ብለው ለአባቴ መልእክት ላኩ።

አልዋሸሁም። የገረመኝ ይህ ነው። እያንዳንዷ መልሴ እውነት ነበረች፤ ቤቴ ስደርስ ግን ትከሻዬ ላይ ያለው ውሸት ነው። ቆይቼ ደግሞ ስለ እሳቸው ማሰብ ጀመርኩ። ስንት ሰው ናዝዘዋል፤ ከአባቴም ከአያቴም ጀምሮ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጥዱ ሥር ተቀምጦ ያችኑ ጥያቄ ሲጠብቅ፣ ሳትመጣለት ተባርኮ የሄደ ሌላ የለም? ወይስ አባ ኪዳነ ያውቃሉ፤ የሚያውቁት ስለሆነ ነው የማይጠይቁት? ተመልሼ ልጠይቃቸው አስቤ እግሬ አልሄደልኝም።

ከዚያ በኋላ ትሕትናን ሞላሌ ገበያ አገኘኋት። እናቷ የፈተሉትን ሱፍ ሸጣ ስትመለስ መንገዱ እስኪለየን አብረን ሄድን።

«አንድ ነገር ብጠይቅህ ትቆጣለህ?» አለችኝ።

«ጠይቂኝ።»

«ምን አድርጌህ ነው?»

«ምን አደረግሽኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። የጎረቤት ላም እንደሚያይ ሰው ነው የምታየኝ። ደህና ላም ናት ትላለህ፣ ታልፋለህ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

«ሰማንያ ቢሆን ግድ የለኝም ነበር» አለች። «ካልሆነ ፈትቼ እናቴ ቤት እገባለሁ። ይኸ ቁርባን ነው፣ ምንይሉ። እስከ መቃብር ነው። አንተ ብትርቀኝ ሌላ በር የለኝም። የምትወዳት ካለች አሁን በለኝ፤ ለአባቴ አመመኝ እላቸዋለሁ፣ አንተ ላይ ምንም ሳይደርስ ይቀራል።»

«የምወዳት የለችም» አልኩ።

ይህም እውነት ነው። ፊቴን አየችው፤ አንድ ነገር ከዚያ ላይ ትፈልግ ነበር። ወደ ጥያቄው እንደ እሷ የቀረበ ሰው የለም፤ አጠገቡ ደርሳ ነው ያለፈችው። «እሺ» አለች። «ይበቃኛል።» ይበቃኛል ስትል ግን እንዳልበቃት ያስታውቃል። ጆንያዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ በአቋራጩ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ አላጠናሁም፣ ደህና አልበላሁም። ዝም ብል ምን እንደሚሆን አስባለሁ። አክሊሉ ራሴ ላይ፣ አክሊሉ ራሷ ላይ። ከአንድ ጽዋ እንቀበላለን። ዓመታት። ልጆች፤ የማጠምቃቸው የሌሎች ልጆች። እሷ በጎኔ፣ ምን አጠፋሁ እያለች። አንድ ቀን እኔም ጥዱ ሥር እቀመጣለሁ፤ አንድ ጎረምሳ ፊቴ ይንበረከካል፤ ሴት ታውቃለህ እለዋለሁ። እዚህ ላይ መቀጠል ያቅተኛል።

ስለዚህ ዛሬ ለአባቴ እነግራቸዋለሁ። ተክሊሉን አልደፋም እላለሁ። ለምን ሲሉኝ፣ ያለውን እናገራለሁ። ስምህን ግን አልጠራም። ቢመቱኝም፣ ቢያለቅሱብኝም፤ ማልቀሳቸውን ነው ይበልጥ የምፈራው። ይህን ቃል እሰጥሃለሁ፤ ከዚህ ሌላ የምሰጥህ የለኝም። ከቤት ቢያስወጡኝ ወዴት እንደምሄድ አላሰብኩም። ወደ አንተ እመጣለሁ ማለቴ አይደለም። አልመጣም ማለቴም አይደለም።

ደህና ሁን፤ እጅህን ብረት እንዳይቆርጥህ።

ጉሙን አብሮህ የለበሰ፣
ምንይሉ

ስሜን ከጻፍኩ በኋላ የሆነ ነው፤ ደብዳቤው ስላልታሸገ እጨምረዋለሁ።

ከቅዳሴ መልስ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው በሶ ሲበሉ ገባሁ። እናቴ ምንጭ ወርዳለች። ቆሜ ነው የተናገርኩት።

«አባባ፣ ተክሊሉን አልደፋም።»

«ምን አልክ?»

«ትሕትናን አላገባም። ቅስናም አልቀበልም።»

ሳህኑን አስቀመጡ። «ሴት ነክተሃል?»

«አልነካሁም።»

«ልጅቱ ላይ ነውር አየህ?»

«እሷ ነውር የለባትም።»

«ልትመነኩስ ነው?» ድምፃቸው ለሰለሰ፤ እዚያ ላይ ተስፋ ነበራቸው።

«አይደለም፣ አባባ።»

ሌላ ፈለጉ። አላገኙም። ሲፈልጉ አየኋቸው፤ ገጽ እንደሚያገላብጥ ሰው ዓይናቸው ወዲያ ወዲህ አለ። እሳቸው እስኪጠይቁኝ ብጠብቅ እንደሚመሽብን ገባኝ።

«የምወደው ሰው አለ» አልኩ። «ሴት አይደለም።»

አልጮኹም። መቋሚያቸው አጠገባቸው ነበረ፤ ወደ እሱ እጃቸውን ሲሰዱ ትከሻዬን አጠበብኩ። ሊመቱኝ አይደለም፤ ሊነሡበት ነው። ተነሥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ፤ ለካ አሁን በቁመት እበልጣቸዋለሁ።

«ስሙን እንዳትነግረኝ» አሉ።

«አልነግርዎትም።»

«ለእኔ ብቻ አይደለም። ለማንም።»

ጋቢያቸውን ደረቡ። ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ዳበሱት።

«ወዴት ነው፣ አባባ?»

ወጡና በሩን ከውጭ ዘጉብኝ።