ሳንከራከር የገባው ሴንሰር

ውድ ባለቤቴ፣

እንደ ደብዳቤ ወግ «እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ሰው ሁሉ ደህና ነሽ ይለኛል፤ እናትህ ሳትቀር «ምራቴ እኮ ጠንካራ ናት» ብላ ለጎረቤት ስታወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንተን ግን ዋሽቼህ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም። ደህና አይደለሁም። ሞተራችንን ገደልኩት።

እስቲ ዛሬ እንኳን መሃል ላይ ሳታቋርጠኝ ስማኝ። ይሄን ጽፌ ራሴ ደነገጥኩ። ምናለ ባቋረጥከኝ!

ያንን ዝገት የበላው መኪና ከእንጨት ነጋዴው ግቢ ጎትተን ስናመጣ ሰፈሩ እንደሳቀብን አትረሳም። «ሽማግሌው» ብለህ ስም አወጣህለት። ካርቡሬተሩን ጥለን ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚረጭ ኢንጀክሽን ልናስገባለት፣ በዚያ ላይ አየር የሚነፋለት ቱርቦ ልንጨምርለት! አንተ መካኒክ፣ እኔ ኤሌክትሪሺያን፤ በሰው መኪና ላይ ለዓመታት ተስማምተን ሠርተን የራሳችን ሲሆን መስማማት አቃተን። ያኔ ነው ሕጉን ያወጣኸው። በእያንዳንዱ ሴንሰር ላይ እንከራከራለን፣ የተረታ ይገጥማል።

የአየር ግፊቱን ሴንሰር አስታውስ። መሳቢያህ ውስጥ ከሌላ መኪና የተፈታ ነበረህና እሱን ልትገጥም ስትል «ይሄ ቱርቦ አይቶ አያውቅም» አልኩህ።

«ታዲያ አሁን ያያላ! እኛስ መቼ አየን?»

«ቱርቦው መንፋት ሲጀምር ይሄ ከዚህ በላይ መቁጠር አልችልም ብሎ ዝም ይላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ አየሩ አልጨመረም ብሎ ቤንዚኑን ይሰስታል። ከዚያ የቀለጠ ፒስተንህን በማንኪያ ትለቅማለህ።»

ከዚያ እያጉረመረምክ ከፍ ያለ ግፊት የሚያነበውን ገጠምክ። በጭስ ማውጫው ሴንሰርም የረታሁህ እኔ ነበርኩ፤ ቤንዚኑ «አነሰ፣ በዛ» ብቻ የሚለውን ሳይሆን ምን ያህል እንደሆነ የሚናገረውን አስገዛሁህ። የሞተር ማንኳኳት የሚሰማውን ሴንሰር ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም ብለህ ነበር። «ጆሮ አለኝ» አልክ።

«ጆሮህ ቱርቦው ሲያፏጭ የኔን ድምፅ እንኳን አይሰማም።»

«ሳያፏጭስ መቼ ሰምቼሽ አውቃለሁ?»

የሚገጠምበትን ቦታ ግን አንተ ረታኸኝ። እኔ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ጫፍ ላይ ልሰካው ስል፣ መሃል፣ ሁሉም ሲሊንደር እኩል የሚሰማበት ካልሆነ አልክ። ትክክል ነበርክ። ክርኔ እስኪላጥ ታግዬ ስገጥመው አንተ ከኋላዬ ቆመህ ታፏጫለህ። ያቺ ፉጨትህ እንዴት ታበሳጨኝ ነበር።

እናትህ ጭቅጭቃችንን ስትሰማ «ልጄ፣ ምናለ አንዳንዴ እሺ ብትዪው? እሺ ይበልጣል ከሺ» ትለኛለች። አንተ ደግሞ ከመኪናው ሥር ሆነህ «ተያት እማዬ፣ ወይዘሮ እምቢ እሺ ካለችኝ ይሄ መኪና አለቀለት!» ትላለህ። ሁላችንም እንስቃለን።

የቀረን የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ብቻ ነበር። አንተ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ ራስ፣ ኋላ ጫፍ ላይ ካለው ቀዳዳ አልክ፤ እሳቱ የሚበዛው እዚያ ነው ብለህ። እኔ ከፊት፣ ውሃው ወደ ራዲያተሩ በሚወጣበት አልኩ። ክርክሩ ገና ሳይሞቅ ሆድህን ይዘህ ተቀመጥክ። ወንድምህ ሐኪም ቤት ሊወስድህ ሲመጣ ጫማህን እያሰርክ «ከኋላ ነው የሚገባው» አልከኝ።

«አይገባም።»

«ስመለስ እንከራከራለን።»

ለሆድ ቁርጠት የሄደ ሰው ይመለሳል ብዬ በር ድረስ እንኳን አልሸኘሁህም። ሐኪሙ በኋላ ስለ አንጀትህ፣ ስለ መዘግየት ብዙ አወራኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማሁትም።

ጋራዡን ቆልፌው ከረምኩ። የከፈተው ያው ዋርሳዬ ነው፣ ወንድምህ። «እትዬ፣ እናስነሳው። ቢያንስ የእጁን ሥራ ድምፅ እንስማ» ብሎ ለመነኝ። እምቢ ልል ነበር፤ ግን ቴስታታውን ሳየው ተሸነፍኩ። የአየርና የጭስ መተላለፊያዎቹን በእጅህ ያለሰለስከው፣ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ፈጭተህ ያስቀመጥከው አንተ ነህ። በዚህ ቤት እጅህ ያረፈበት ሌላው ሁሉ ዕቃ ነው። እሱ ግን ሊተነፍስ ይችላል ብዬ ተስፋ አደረግኩ፤ ከአንተ የቀረኝ ሕይወት ያለው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ሴንሰሩን ይዤ ቆምኩ። አውቅ ነበር። ውሃ ሲሞላ አየሩ ወደ ላይ ይሸሻል፣ የሚታቆረው ደግሞ አንተ ካልክበት ቀዳዳ ሥር ነው። ሴንሰር ውሃ ሲነካው እንጂ ባዶ ቦታ ላይ ሲንጠለጠል ትክክለኛውን ሙቀት አይናገርም፤ ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ይሄን ሁሉ ልነግርህ አፌን ከፈትኩ፤ የሚመልስልኝ የለም። ከሞተ ሰው ጋር እልህ መጋባት ነውር መሰለኝ። አንድ ቀን እንኳን እሱ ያለው ይሁን አልኩና ከኋላ ገጠምኩት። እያለቀስኩ ጮክ ብዬ «እሺ» አልኩህ። ከተጋባን ወዲህ ሳልከራከር እሺ ስልህ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። እናትህ ወንበር አውጥታ በሩ ላይ ተቀምጣለች፣ ወንድምህ መሪው ላይ ሆኖ እንደ ሕፃን ይስቃል። ቱርቦው ማፏጨት ሲጀምር ከኋላዬ የቆምክ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

ስክሪኑ ላይ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። «ገና አልሞቀም፤ ነዳጅ ጨምርለት» አልኩት ወንድምህን፣ በገዛ አፌ። ማራገቢያው የሴንሰሩን ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ተቀምጦ ገና ነው ይላል። የመቃጠል ሽታ ሲመጣ አዲሱ ጭስ ማውጫ ነው ብዬ ተውኩት። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ሲፈነዳ «አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ። የሞተሩ ድምፅ ግን ቀድሞ ተቀይሮ ነበር።

ቴስታታውን ፈትቼ ማሽን ቤት ወሰድኩት። ጠሟል፤ ቀጥ ያለ ብረት ሲያስተኙበት ከሥሩ ብርሃን ያልፋል። ማሽኒስቱ ስንጥቁን በጥፍሩ ተከተለና «ይሄ አብቅቶለታል እህቴ፣ አትልፊ» አለኝ። ስንጥቁ የሚያልፈው አንተ ባለሰለስከው በኩል ነው።

ወንድምህ «እትዬ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? እሱ ያለውን ነው ያደረግሽው» ይለኛል። ሊያጽናናኝ ነው፤ የሚያቃጥለኝ ግን ይኸው ነው። ብትኖር ኖሮ ፊት ለፊት ተፋጥጠን፣ አየሩ የት እንደሚታቆር በጠመኔ መሬት ላይ ስዬ አሳይቼህ፣ ተረትተህ፣ እያጉረመረምክ ከፊት ትገጥመው ነበር። አንተም ትሳሳታለህ፣ እኔም እሳሳታለሁ፤ ነገር የሚቃናው ስንጨቃጨቅ ነበር። ብቻዬን ምንም ማቃናት አልችልም። ዳቦ ቤት ገብቼ የትኛውን ልግዛ ብዬ ቆሜ ቀርቼ አውቃለሁ፤ የምትቃወመኝ አንተ ስለሌለህ።

ትናንት እናትህ ፊቴን አየችና «አሁንስ ረጋ ብለሻል፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለችኝ። እጄን ይዛ ሳመችኝ። ውስጤ ውሃው አልቆ ነው የረጋሁት።

ሴንሰሩ እነሆ ጠረጴዛው ላይ አጠገቤ ነው። ምንም አልሆነም፣ ጭረት እንኳን የለበትም። ወንድምህ ሌላ ቴስታታ እያፈላለገ ነው፤ ቢያገኝም ያንተ እጅ ያላረፈበት ብረት ምን እንደሚያደርግልኝ አላውቅም። እንዳላሳዝነው ብዬ ፈልግ አልኩት።

ስመለስ እንከራከራለን ብለህ ነበር። እኔ ይኸው ቁጭ ብያለሁ፣ ጠመኔዬንም ይዣለሁ። ከፊት ነው የሚገባው።

እስቲ አይደለም በለኝ።

ያንተው ወይዘሮ እምቢ