አሜን ያጣ ምርቃት

መካነ ሰላም፣ ጥር ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.

ውድ ልጄ አድማሴ፣

ደብዳቤህ በወረኢሉ በኩል መጥቶ ደርሶኛል። ደህና ነኝ ብለሃልና ጤናህን አልጠይቅህም። አባቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ለዳዊት ንባብ እንጂ ለደብዳቤ አልነበረም። ይህንንም የጻፍኩት ቀስ እያልኩ፣ እጄን እያሳረፍኩ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሕዝብ አስተዳደርና አመራር እየተማርክ መሆኑን ነገርከኝ። በክፉው ቀን፣ በረሃቡ ጊዜ፣ መካነ ሰላምን እንዴት እንደመራህ ተነስተህ ስትናገር ጓደኞችህ አጨበጨቡልህ። ትምህርቱ ሲያልቅ አውራጃ ትሾማለህ። ከሹመቱ በፊት የእናትህን ምርቃት ፈለግህ።

ምን ብለህ ተናገርክ ልጄ? የአልታዬን ነገር ነገርካቸው?

እህትህ አልታዬ ከወግዲ የመጣችው ባሏን ቀብራ ነው። የእኔም ጎታ ባዶ መሆኑን ስታይ እንደ ሌላው ሰው ሄዳ የመንግሥት እህል መጋዘን በር ላይ ተቀመጠች። “ወንድሜ ምክትል ገዥ ነው፣ አይጨክንም” እያለች አጠገቧ ያሉትን ታጽናና ነበር። እህሉ ውስጥ ነበረ። ቁልፉ አንተ ኪስ ነበረ። እኔ የወለድኩህ እግርህ ላይ ወደቅሁ። ለእህቴ ብቻ ባወጣ በዘመድ ሠራ እባላለሁ አልከኝ። እንግዲያው ለሁሉም አውጣ አልኩህ።

“እማዬ፣ ከደሴ ትእዛዝ ሳይመጣ መጋዘን አይከፈትም።”

ዘበኛው አህመድ ቆሞ ይሰማን ነበር። “ጌታዬ፣ ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝና ሰረቀኝ ይበሉ። እስሩን እኔ እታሰርልዎታለሁ” አለህ። አንተ ቁልፉን ይበልጥ ወደ ኪስህ ከተትከው፤ ከዚያም ለደሴ ሌላ ማሳሰቢያ ልትጽፍ ቢሮህ ገባህ። ትእዛዙ ሲመጣ አልታዬን ቀብረናል። እህሉንም ነቀዝ ቀድሞን በልቶታል።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ። ገዥው ሲታሰር አንተ የበላይ አላሠራኝም ብለህ ዳንክ።

ያም ሆኖ እናት ነኝና ምርቃቱን ልልክልህ ፈለግሁ። በእኛ አገር ምርቃት ብቻውን እንደማይቆም ታውቃለህ፤ መራቂ ሲመርቅ አሜን የሚል ሰው ያስፈልገዋል። ንፍሮ ቀቅዬ ጎረቤቱን፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ጠራሁ። መዳፌን ዘርግቼ፣ ልጄን አድማሴን በያዘው ያጽናው፣ በሹመቱ ያስከብረው አልኩ።

ዝም አሉ። አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሁንም ዝም።

መጋዘኑ በር ላይ ልጇ የሞተባት አስቻለች ናት የተናገረችው። “ንግሥቴ፣ ልጅሽን አንረግመውም። አሜን ግን አታሰኚን።”

አህመድም ተከተላት። “እትዬ፣ ልጁ ይምጣና እፊታችን ይቁም። የሆነውን በአፉ ይናገር። ያኔ ዱዓውን እኔው እጀምረዋለሁ” አለኝ።

ልቆጣቸው ነበር። ግን እኔ ራሴ ያን ሁሉ ስመርቅ በልቤ አሜን አላልኩም ነበር። እጄን ሰበሰብኩ። ንፍሮውን እንደ ለቅሶ ቤት ዘግነው በሉና ሄዱ።

ስለዚህ የምልክልህ ምርቃት የለኝም። ከፈለግኸው እዚህ መጥተህ ተቀበል። መጋዘኑ በር ላይ ቁምና ለሚያጨበጭቡልህ የነገርካቸውን ለአስቻለች ንገራት። እውነት ከሆነ አሜን ትልሃለች።

የበላይ ሳያዘኝ ከዚህ አልነቃነቅም እንደምትለኝ አውቃለሁ። የምትጠብቀው ትእዛዝ ከሆነ፣ ይኸው፤ እኔ እናትህ አዝዤሃለሁ። ና።

የአልታዬ እናት፣
ንግሥቴ