በአማካይ ጎማ ወደ እንጦጦ

ለቀበሌያችን የዕደላ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ለተከበሩ ጓድ ሲሞን
ቀበና

ግልባጭ፦ በማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል ለሚያልፍ ነዋሪ ሁሉ

ሰኔ 1974 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፤

የዘንድሮው የሰኔ ዝናብ እርስዎንና ቤተሰብዎን እንዴት እንደያዛችሁ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን ብዬ እንዳልጽፍ የንቃትዎን ደረጃ አውቃለሁ፤ ሳልመርቅ እንዳላልፍ ደግሞ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም፤ ስለዚህ የጠባቂውን ስም ሳልጠቅስ፣ ይጠበቁ ብዬ አልፋለሁ።

ባለፈው እሑድ፣ ልክ በቅዳሴው ሰዓት ጠርተው ከሁለት አንዱን ከመምረጥ ጭንቀት በገላገሉን ስብሰባ ላይ፣ በአቶ ወልደሰንበት ቀብር ዕለት ኮሚቴውን የሚያንኳስስ ቃል ተናግረዋል ተብዬ ግለ ሂሴን በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ትእዛዙን የተቀበልኩት በደስታ ነው። በልጅነቴ በተማርኩበት የሴቶች ትምህርት ቤት በየሳምንቱ መጨረሻ ቆመን ጥፋታችንን በቁጥር እየዘረዘርን እንናገር ስለነበር ሥራው አዲስ አይሆንብኝም፤ ልዩነቱ፣ እዚያ ጥፋቱን የምትናገረው ያጠፋችው ልጅ ራሷ መሆኗ ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ የለጠፍኩትም፣ ጥፋቴ በአደባባይ ስለተሰማ ንስሐዬም በአደባባይ ይሁን ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ ጸሐፊ የሆንኩበት የቀበና እድራችን አንዲት ፒክአፕ መኪና አለችው። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ታመላልሳለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ሟቾቻችንን ወደ እንጦጦ ደብር የምታወጣልን እሷ ናት። ብዙዎቻችን ወገን ያለን እዚያ ላይ ነው። ባለቤቴ አቶ አባይነህ ያረፈው እዚያ ነው፤ ከጎኑ ያለው ክፍት ቦታም የእኔ ነው። ይህን የምጽፈው አንባቢን ለማስለቀስ ሳይሆን፣ አንዲት አሮጊት ስለ ጎማ ይህን ያህል የምትጨነቀው ወዴት ልትሄድ ነው የሚል ቢኖር መልስ እንዲያገኝ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቶቼ ልግባ።

፩ኛ፤ መኪናዋን ከፍ አስደርጌአለሁ።

የባሕር ዛፉ ደን ከጀመረ በኋላ በጥርጊያው መንገድ መሃል አንድ ድንጋይ አለ። መኪናችን በወጣች ቁጥር ሆዷን ይመታታል። እኔም ለእድሩ፣ መኪናዋ ከፍ ብትል ድንጋዩ ዝቅ ይላል የሚል ሐሳብ አቀረብኩ፤ ሐሳቡም በጭብጨባ ጸደቀ። ሾፌራችንም መካኒካችንም የሆነው ገመዳ ከአንድ የወደቀ የጭነት መኪና ወፋፍራም ባሌስትራ፣ ማለትም አካሏን የሚሸከሙትን የብረት ሞላዎች፣ ፈልጎ አመጣና ገጠመላት፤ አካሏ ከፍ አለ። በመጀመሪያው ጉዞ ያው ድንጋይ ያንኑ ሆዷን መታት። ለካ ባሌስትራ ከፍ የሚያደርገው ጋቢናውንና ጭነቱን ኖሯል፤ በኋላ ጎማዎቿ መካከል የተንጠለጠለውን ዲፈረንሻል ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው። ሟቹን ወደ ሰማይ አቀረብነው እንጂ መኪናዋን ከምድር አላራቅናትም። በዚያ ላይ ትንንሾቹ ጎማዎች ከዚያ ረጅም አካል ሥር ሲታዩ፣ መኪናዋ የልጅ ጫማ የተጫሙ ግዙፍ ቄስ ትመስል ነበር።

፪ኛ፤ ጎማ ለመምረጥ ደፍሬአለሁ።

በጎማ ጎን ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው የጎማውን ውፍረት፣ ሁለተኛው የሚገባበትን የብረት ቸርኬ ዲያሜትር ይናገራል፤ ጎማው በወፈረ መጠን ቁመቱም ይጨምራል። መኪናችን ከፋብሪካ የወጣችው በ6.00-16 ነው። ገመዳ፣ «7.50 ይሁን እትዬ፤ ድንጋዩ ራሱ ደንግጦ መንገድ ይለቃል» አለ። ያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት የእድሩ ገንዘብ ያዥ አቶ ወልደሰንበት ደግሞ፣ «ክብ ከሆነ ምን ልዩነት አለው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሂሳብ ያስተማርኩ ሴት በግምት አልሄድም ብዬ፣ የልብስ ስፌት ሜትሬን ይዤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በጠራራ ፀሐይ መኪናዋ ሥር ተኛሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች መኪና ገጭቶኝ መስሏቸው መጮህ እንደጀመሩ ለታሪክ ይመዝገብ። ለክቼ ስወጣ 7.50 ገብቶ ሁለት ጣት እንደሚተርፍ በሙሉ ልብ አስታወቅሁ፤ ማመልከቻውንም ለኮሚቴዎ በእጄ ጻፍኩ።

የለካሁት ግን መኪናዋ ባዶዋን፣ በደልዳላ መሬት ላይ፣ የፊት ጎማዎቿ ቀጥ ብለው ቆማ ሳለች ነበር። ይህ ሰውን አቁሞ ለክቶ ጠባብ ሱሪ ከሰፉ በኋላ፣ በል አሁን ቁጭ በል እንደማለት ነው። ገመዳ ኮተቤ ካለ ወዳጁ ሁለት 7.50 ጎማዎች ለሙከራ ተውሶ ከፊት ገጠመ፤ እኔም የድሌ ተካፋይ ለመሆን ጋቢና ተቀመጥኩ። ቀጥ ባለው መንገድ በታላቅ ግርማ ሄድን። ቀበና ድልድይ ላይ መሪውን ሲያዞረው ግን ጎማው ከላዩ የተደፋበትን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን ነክሶ፣ ጩኸቱ የገበያ አህያ አስበረገገ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም የማይል፣ መስመሩን ይዞ ወደፊት ብቻ የሚጓዝ መኪና ለጓዶች ደስ ሊያሰኝ እንደሚችል አልክድም፤ ችግሩ የእንጦጦ መንገድ ጠመዝማዛ መሆኑ ነው።

፫ኛ፤ ስሕተቴን አርሜአለሁ።

ይህ ከጥፋቶቼ ሁሉ የከፋው መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የእድሩን ሰዎች እንደ ጭነት ከኋላ አሳፍሬ፣ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ ጥግ አስዙሬ እንደገና ለካሁ፤ ትክክለኛው መጠን 7.00-16፣ አራቱም እኩል፣ ሆኖ ተገኘ። ይህንኑ ገልጬ ሁለተኛ ማመልከቻ ባቀርብ፣ ኮሚቴዎ ቀድሞ 7.50 ብላ አሁን 7.00 የምትል ወላዋይ ንዑስ ከበርቴ ናት ሲል ፈረጀኝ። ተሳስቶ በስሕተቱ መቆየት ጽናት፣ ተሳስቶ መታረም ግን መወላወል መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማራችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፬ኛ፤ አማካይ አስተምሬአለሁ።

ኮሚቴዎ ከረጅም ውይይት በኋላ ለእድራችን ሁለት ጎማ በ7.50፣ ሁለት ጎማ በ6.50 አደለን። እኔ የጠየቅሁት ይህን አይደለም ብል፣ እርስዎ ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ ሁለቱ መጠኖች ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ልክ 7.00 ስለሚመጣ ጠያቂዋ የጠየቁት ተሰጥቷቸዋል ሲሉ አብራሩ። አዳራሹም አጨበጨበ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሌቱ አንድም እንከን የለውም። አራተኛ ክፍል ሳሉ ይህንኑ ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተው ሙሉ ነጥብ የሰጠሁዎ እኔ ነኝና መመስከር እችላለሁ። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። አንዱ ልጅ ሁለት እንጀራ በልቶ ሌላው ጦሙን ቢያድር በአማካይ ሁለቱም አንዳንድ እንጀራ በልተዋል ብዬ ሳስተምር፣ ጦሙን ያደረውን ልጅ ሄዳችሁ ጠይቁት የሚል ጥያቄ ከመልመጃው ሥር አለመጨመሬ ነው ያጠፋሁት።

፭ኛ፤ በቀብር ላይ ተናግሬአለሁ።

ትልልቆቹ ጎማዎች ከፊት ፓራፋንጎውን ስለሚነክሱ ገመዳ ከኋላ ገጠማቸው፤ ትንንሾቹን ከፊት አደረገ። መኪናዋም በኋላዋ ከፍ፣ በፊቷ ዝቅ ብላ፣ ከወንዝ ውሃ ልትጠጣ ያጎነበሰች ፍየል መሰለች። በዚህ ሁኔታ ሳለን ክብ ከሆነ ምን ልዩነት አለው ያሉት አቶ ወልደሰንበት አረፉ፤ ልዩነቱንም በአካል ለማየት የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

ሳጥናቸውን ጭነን ወደ ድልድዩ ቁልቁል ስንወርድ እንጨት የጫኑ አህዮች መንገዱን አቋረጡ፤ ገመዳ ፍሬን ያዘ፤ ሳጥኑም ተንሸራቶ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ኳ፣ ኳ አደረገ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አቶ ወልደሰንበት በሕይወት ሳሉ ሳያንኳኩ የማንንም ደጅ አልፈው የማያውቁ ጨዋ ሰው ነበሩ። ገመዳም ከልማድ የተነሣ «አቤት ጋሼ!» አለ። ማን እንዳንኳኳ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባው የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ በሩን ከፍቶ፣ ከአህዮቹ ቀድሞ ድልድዩን ተሻገረ። አልቃሿ በግጥሟ መሃል ዝም አለች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ብቻ ሳይደናገጡ ወደ ሳጥኑ ጠጋ ብለው፣ «ምነው ወልዴ፣ የረሳኸው ነገር አለ?» ሲሉ ጠየቁ። ሐዘንተኛው ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው ምን ዓይነት የተወደደ ሰው ነው የሞተው ሳይል አይቀርም። ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ይህም ይመዝገብብኝ።

ገመዳን አባብለን ወደ መሪው ብንመልሰውም ሳቁ ከደኑ መግቢያ አላለፈም። የፊት ጎማዎቹ ጭቃ ውስጥ ሰጠሙ፤ መኪናዋ ቆመች። ድሮ ቢሆን ጎልማሶቹ ሳጥኑን ነጥቀው ይሮጡ ነበር፤ የእኛ ጎልማሶች የአገር ጥሪ ተቀብለው ከሄዱ ቆይተዋል፤ የአንዳንዶቹ ወሬም ከተቋረጠ ቆይቷል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ተሸከሙ። በየድንጋዩ እያረፉ፣ በየዛፉ እየተደገፉ ሲወጡ፣ አንደኛው ትንፋሹ ተቆርጦ፣ «ጉድጓዱ ሰፋ ያለ ከሆነ እኔንም እዚያው ተዉኝ፤ ሌላ ቀን አታመላልሱኝ» ሲል ሰማሁ። ማንም አልሳቀም። እኔም ከኋላቸው እስከ ጉልበቴ በጭቃ ተለውሼ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ እየመታ፣ ከአባይነህ መቃብር አጠገብ ስደርስ ያንን የተከሰስኩበትን ቃል ተናገርኩ። «ይህን ጎማ ያደለን ሊቀመንበር በአማካይ ብልህ ነው» ብያለሁ።

ይህን ቃል ዛሬ በይፋ አነሣለሁ። አማካይ ለማውጣት ቢያንስ አንድ ከፍ ያለ ቁጥር ያስፈልግ እንደነበር ዘንግቼ ነው።

ጓድ ሊቀመንበር፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። ሁለቱን 7.50 እና ሁለቱን 6.50 ጎማዎች ወስዳችሁ አራት 7.00 ስጡን። እንዲህ ያለ ጎማ በአገር የለም የሚለውን መልሳችሁን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ሆኖም ስብሰባው ሲረዝም አየር ልቀበል ወጥቼ፣ ከአዳራሹ ደጅ የቆመችውን የኮሚቴውን ላንድሮቨር በልብስ ስፌት ሜትሬ ለክቼአታለሁ፤ በአስፋልት ከዚህ አዳራሽ እስከ ቤትዎ የምትመላለሰው መኪና በአራት አዳዲስ 7.00-16 ጎማዎች ላይ ቆማለች። ምናልባት ቆማ የለካኋት በመሆኑ እንደ ልማዴ ተሳስቼ ይሆናል፤ በጎናቸው የተጻፈውን ቁጥር ግን መነጽሬን ጠርጌ አንብቤዋለሁ። የአራቱን አማካይም አውጥቻለሁ፤ 7.00 ነው።

ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ አቀበት ከልክሎኛል። ከእንግዲህ ወደ አባይነህ የምወጣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተጋድሜ ነው፤ ያንንም ጉዞ በአረጋውያን ትከሻ ላይ፣ ወይም የገመዳን መስታወት እያንኳኳሁ ለማድረግ ፈቃደኛ አይደለሁም። ስለዚህ አራቱ እኩል ጎማዎች ተገጥመው በዓይኔ እስካይ ድረስ ላለመሞት ወስኛለሁ። ለኮሚቴው ዕቅድ ይመች ዘንድ አስቀድሜ ላሳውቅ፤ እስከዚያው በየእሑዱ ስብሰባ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ እጄም አይወርድም። ይህን እንደ ዛቻ ሳይሆን እንደ ንቁ ተሳትፎ ይቁጠሩልኝ።

እንደ መኪናችን በፊቴ ዝቅ፣ በኋላዬ ከፍ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የቀድሞ የሂሳብ መምህርትዎ፣ የእድሩ ጸሐፊና በኮሚቴው ውሳኔ ወላዋይ
ፈትለወርቅ ገብረማርያም

ማስታወሻ፦ እናትዎ ወይዘሮ በለጡም የዚሁ እድር አባል መሆናቸውን፣ አባትዎም እዚያው ኮረብታ ላይ እንዳረፉ የሥራ ብዛት አስረስቶዎት ይሆናል። ትናንት ከማኅበር ስንወጣ ክንዴን ይዘው፣ «ፈትልዬ፣ እኔንስ በየትኛው ጎማ ነው የምታወጡኝ?» ብለው ጠየቁኝ። «ልጅሽ ባደለን ነዋ!» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያስ ሲሞን ራሱ ጋቢና ይቀመጥ፤ ሳንኳኳ አቤት የሚለኝ እሱ ይሁን» ብለዋል። መልእክቱን ማድረስ ግዴታዬ ስለሆነ ነው።