የጓዳው በር

ኅዳር 3 ቀን 1956

ውርጩ እስከ ረፋድ ከሣሩ ላይ አልነሣ አለ። ጣቴ ደንዝዞ ሁለት ማመልከቻ ብቻ ገለበጥኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ እነ ኃይለ ገብርኤል እንደ ልማዳቸው ካፖርታቸውን ደርበው ሆቴል እንሂድ ተባባሉ። ኃይለ ገብርኤል የቢሯችን አለቃ ነው። ቤት አለው፣ ሚስት አለችው፤ የሚስቱን ወጥ ትቶ ከሾፌር ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ይበላል። አንተስ ዘርአ ዳዊት? አለኝ። ሆቴል የሚበላ ዘመድ የሌለው ሰው ነው አልኩት። ሳቁ። ይሳቁ! የአንኮበር ካህን ልጅ በሰው ፊት አፉን ከፍቶ አያላምጥም። አባቴ ቤት እህል የሚቀርበው በር ተዘግቶ፣ ነጠላ ተጋርዶ ነው። የሰው ዓይን ያረፈበት እህል ሆድ ውስጥ መቼ ይረጋል?

እነሱ በዋናው መንገድ ሄዱ። እኔ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞርኩና በአልታየች ጓዳ በር ገባሁ።

ኅዳር 4

ትናንት የጻፍኩትን ሳነበው የሚያሳማ መሰለኝ። ማን ያነበዋል? ቢሆንም ነገሩ ይለይ።

አልታየች ታናሽ እህቴ ናት። ባሏ አንኮበር ላይ ሲሞትባት ወንድሞቹ መሬቱን ነጠቋት። እዚህ መጣች። መኪና መቆሚያው ፊት ለፊት ቤት ተከራይታ ምግብ ትሸጣለች። የካህን ልጅ! እንጀራና ወጥ! ለሾፌር! ስትጀምር ወር ሙሉ አላናገርኳትም። በኋላ ራበኝ።

ታዲያ እኔ ሆቴል አልበላም። ምግብ ቤቱንና ጓዳውን የሚለይ የአቡጀዲ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ሆቴል ነው። ከመጋረጃው ወዲህ የእህቴ ጓዳ ነው። ወንድም እህቱ ጓዳ ቢበላ ማን ምን ይለዋል? ይህ ልዩነት የማይገባው ሰው ካለ ምን ይደረጋል።

ኅዳር 10

ረቡዕ። መጋረጃው ላይ ፍም ያቃጠላት አንዲት ቀዳዳ አለች። ዛሬ በሷ ስመለከት ዋልኩ።

ምን ዓይነት ሕዝብ ነው የሚሰበሰበው! አንድ አዲስ የመጣ አስተማሪ በጾም ቀን እንቁላል አዘዘ። እንቁላሉ የተቀመጠው ለዓወል ነው። ዓወል ከአልዩ አምባ በርበሬ የሚያመጣ እስላም ነጋዴ ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ እንቁላልና ዳቦ ታቀርብለታለች። እሱ እንኳ ቢስሚላህ ሳይል እጁን አይሰድም። አስተማሪው ግን ማማተብ የለ፣ ጸሎት የለ፣ ዘሎ ሹካ! ሹካውም አልታዘዘው… እንቁላሉ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ አንሥቶ በላው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ እንብላቸው ነው። ሰው በገባ ቁጥር የሚበላው ሁሉ ቀና ብሎ «እንብላ» ይላል። የገባውም «ይባረክ» ብሎ ወደ ራሱ ወንበር፣ ወደ ራሱ ሳህን ይሄዳል። ያለውም ከልቡ አላለም፣ የሰማውም ከልቡ አልሰማም። አባቴ ቤት እንብላ የተባለ ሰው እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፤ ካልተቀመጠ ቂም ነው። እዚህ ለብቻቸው ይበላሉ። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል፣ እነሱ ምን ቸገራቸው።

ሽሮው ግን ጥሩ ነበር። ሁለቴ አስጨመርኩ።

ኅዳር 24

በሩ ላይ ሰሌዳ አሰቀለች። «ዘመናዊ ምግብ ቤት»። ዘመናዊነቱ የቱ ጋ ነው? ወንበሩ ይነቃነቃል፣ ጣሪያው ያፈስሳል። ይህን ስላት፣ ፋብሪካ ሊሠራ ነው ይላሉ ወንድም ጋሼ፣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሠራተኛ ሁሉ ሚስት ይዞ አይመጣም፣ አለችኝ። ሊጡን እያቦካች ነው የምታወራው። ይህች ልጅ ይህን ሁሉ ሐሳብ ከየት አመጣችው?

ደግሞ አለችኝ፦ አንድ ቀን እንኳ በዋናው በር ገብተህ ብትቀመጥ… ወንድም እንዳለኝ ሰው ቢያውቅ… ባልና ወንድም የሌላት ሴት እየመሰልኳቸው ሾፌሮቹ እጃቸውን ይሰዳሉ።

ሥራ አለኝ ብዬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 12

ከአንኮበር በገበያተኛ መልእክት መጣ። አባታችን መምሬ ወልደተንሣኤ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፤ ከጥምቀት በኋላ ለሐኪም ይመጣሉ። «እህቱን ሰብስቦ ከያዘው ልጄ ቤት አርፋለሁ» ብለዋል።

እህቱን ሰብስቦ የያዘው ልጅ እኔ ነኝ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሽማግሌው ያኔ ልሽጥ ስትላቸው «እህል የምትሸጥ ልጅ የለችኝም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ ነገር ጆሯቸው ቢገባ አልታየችን ይረግሟታል፤ የሳቸው እርግማን ደግሞ… ስለዚህ ሥራውን በጀመረች ሰሞን፣ እኔ ጋ ናት፣ ቤት ይዤላታለሁ፣ የምትበላውን እኔ እችላለሁ ብዬ ልኬ ነበር። ለሷ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ በአንኮበሩ ደብር ከየቅዳሴው በኋላ በምሳሌነት ያነሡኝ ጀመር አሉ። እኔ ምሳሌ አድርጉኝ አልኩ?

ጥር 14

አልታየችን ለመንኳት። አባታችን በሚመጡ ቀን ዝጊው አልኳት። ሰሌዳውን አወርዳለሁ፣ በሩን ግን አልዘጋም አለች። ያን ቀን የሚያልፉ መኪኖች ሌላ ቤት ከለመዱ አይመለሱም።

ታዲያ የሚበሉትን ሰዎች ምን እንበላቸው? አልኳት።

«የአንተ እንግዶች ናቸው በላቸው» አለችኝ። ቀና አላለችም። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ዓይኗ ለምን እንዳለቀሰ አላወቅሁም።

ጥር 26

ዛሬን ባልጻፍኩ ደስ ባለኝ። ቢሆንም ልጻፈው።

አባታችን መንገድ አድረው ረፋድ ላይ በበቅሎ ገቡ። የኔ ቤት ነው ብዬ አልታየች ቤት፣ ትልቁ ጠረጴዛ ጥግ አስቀመጥናቸው። መሶብ ቀረበ። ሾፌሩም ነጋዴውም ሲገባ ድምፁን እየሰሙ፣ ዘርአ ዳዊት፣ ይህ ሁሉ ሰው ምንህ ነው? አሉኝ። እንግዶቼ ናቸው አልኩ። ፊታቸው በራ። አማተቡ። «ቤትህን እንዲህ እንደሞላው አያጉድልብህ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ምን እል?

ወዲያው የኃይለ ገብርኤልን ሳቅ ከውጭ ሰማሁ። እነዚያ የቢሮ ጅቦች! ሆቴል ውስጥ ሊያዩኝ ነው። እግሬ መጋረጃው ኋላ ወሰደኝ። አልታየችን የምታግዛት ሴት ከድስቱ አንድ ቁራጭ ሥጋ አጎረሰችኝ፤ ተቀበልኩ። ልማድ ነው።

አባታችን በገባ ሰው ሁሉ ላይ «ኑ፣ እንብላ» ይላሉ። ሰዉ ይባረክ እያለ ያልፋል። እሳቸው ግን አይለቁም። እጅ ይዘው ያስቀምጣሉ። ገብረአብ የሚባለውን የደሴ መንገድ ሾፌር፣ ያንን ዋልጌ፣ አጠገባቸው አስቀመጡት። መስቀል ተሳለመ። ከአንድ መሶብ በሉ። አጎረሱት። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ሳህናቸውን ይዘው ተጠጉ። በቀዳዳዋ አየሁ… ቤቱ ውስጥ ለብቻው የሚበላ ጠፋ።

ገብረአብ ሲነሣ ሳንቲም ቆጥሮ መሶቡ ዳር አኖረ። አባታችን በጣታቸው ዳበሱት።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«የምሳዬ ነው አባ።»

«የልጄ ቤት እህል አይሸጥም። አንሣ።»

ሾፌሩ የየትኛው ልጅዎ? አላቸው። የዘርአ ዳዊት፣ እንግዶቹ አይደላችሁም? አሉ። ኃይለ ገብርኤል ሳቁ አመለጠው። ዘርአ ዳዊትማ ሆቴል የሚበላ ዘመድ የሌለው ሰው ነው እያለ ሲሰድበን የሚውል ነው፣ እዚህ ደጅ ደርሶም አያውቅ፣ አላቸው። አንድ ሁለት ሰው አብሮት ሳቀ።

አልታየች እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«ልጄ፣ እህል ትሸጫለሽ?»

«አዎን አባቴ። እሸጣለሁ።»

«ወንድምሽስ የት ሄደ?»

መጋረጃውን አየችው። ቀዳዳዋን። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አሁን ትናገራለች አልኩ… እሷ ግን፣ ለሥራ ጠርተውት ሄደ፣ አለች።

እርግማኑን ጠበቅሁ። አልመጣም። ሽማግሌው ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ለቅመው እጇ ላይ አኖሩላት።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሙት ተዝካር እየበላሁ ነው እናንተን ያሳደግሁት» አሉ። «ነውር ነው ያለኝ የለም። አንቺ ከሕያው ነው የምትበዪው።»

እሷ አለቀሰች። እኔ አፌ ውስጥ ሥጋው አለ። እንዳልተፋው የት ልትፋው? እንዳልውጠው አልወርድ አለኝ። ቀስ ብዬ አላመጥኩ። አባታችን ዓይናቸው ቢደክም ጆሯቸው አልደከመም። ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«እዚያ ኋላ የሚያኝክ ሰው አለ። እንግዳ ከሆነ ለብቻው አይብላ። ይምጣ፤ እንብላ።»

በጓዳው በር ወጣሁ።

ጥር 27

ቢሮ አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ላክሁ።

ጥር 30

አባታችን ዛሬ ተመለሱ። ሐኪሙ ጠብታ ሰጥቷቸዋል። አራቱንም ቀን ያረፉት እሷ ቤት ነው። ቤቱን ጠበል ረጭተውላታል አሉ።

በቅሎዋን ልይዝላቸው ሄድኩ። አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። መስቀል አሳለሙኝ፣ መረቁኝ፣ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ከበቅሎዋ ላይ ሆነው እጃቸውን ወደ አልታየች ዘረጉ።

«ወንድምሽን አደራ።»

እኔ እዚያው ቆሜ ልጓም ይዣለሁ!

የካቲት 5

ምሳ፦ ቆሎ። ትናንትም ቆሎ። ምን ጎደለኝ? ቆሎ የተማሪ ምግብ ነው፤ አባቶቻችን በቆሎ ነው ዳዊት የደገሙት።

እነ ኃይለ ገብርኤል ግን ከምሳ ሲመለሱ ጢማቸው ላይ የቅቤ ወዝ አለ። ቢሮው ሁሉ ዱለት ዱለት ሸተተ። ጠረን ይዞ መሥሪያ ቤት መግባት ምን ይሉታል?

የካቲት 10

ሄድኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እንደ ልማዴ። የጓዳው በር ላይ እንጨት ተከምሯል። አጥር እስኪመስል ድረስ። ገፋሁት፣ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ውሻ ተቀምጦ ያየኛል።

ዞሬ በዋናው መንገድ መጣሁ። ሰሌዳው ተመልሷል። ገባሁ። መጋረጃው የለም… ባለበት ቦታ አዲስ ጠረጴዛ ገብቷል። ባዶው ወንበር እሱ ጋ ብቻ ነበር። ፊቴን ወደ በሩ፣ ወደ ሕዝቡ አድርጌ ተቀመጥኩ።

አልታየች መጣች። ጠረጴዛውን ወለወለች።

«ምን ልታዘዝ?»

እኔን! ምን እንደምበላ ከኔ በላይ የምታውቅ ልጅ። ቀይ ወጥ አልኩ። አመጣች። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ቀና ስል ማንም አያየኝም። ይህ ደግሞ ይባስ አናደደኝ። ሁለተኛውን ጉርሻ ስጠቀልል ኃይለ ገብርኤል ገባ። በሩ ላይ ቀጥ አለ። አፌ ሞልቷል። ምን ይባላል እንዲህ ባለ ጊዜ? አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፣ እሷው ወጣች።

«እንብላ።»

ይባረክ ብሎ ያልፋል ብዬ ነበር። ያ ሆዳም ካፖርቱን አወለቀ፣ እጁን ታጠበ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኔ ሳህን በላ። ሥጋውን መርጦ መርጦ በላ። ለምን እንደዋሸሁ አልጠየቀኝም። ወጧ ዛሬ ጨው አንሷታል አለኝ። ልክ ነው፣ አንሷል። የእህቴን እጅ አንተ ነህ የምትነግረኝ? አልኩት። ጮክ ብዬ ሳልል አልቀረሁም፤ ገብረአብ ከወዲያ ጠረጴዛ ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ አልታየችን አየ፣ ከዚያ እጁን ሰብስቦ ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ስነሣ ሒሳብ ስንት ነው አልኳት። ተወው ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። የሁለታችንን ነገረችኝ። ከፈልኩ። ቆጥራ ተቀበለች። መልሱን እጄ ላይ ስታኖር ጣቴን ያዝ አደረገችው።

«ነገም ና፣ ወንድም ጋሼ። በዚሁ በር።»