ቀኑ ልክ ነው እኮ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባባ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ ሱቅ ውስጥ መቆሙን ቻለው? መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰዱ ነው ወይስ እንደ ባለፈው እማዬ ስትቆጣ ብቻ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? የቡታጅራ አቧራ መቼም አይምራትም። እኔ ደህና ነኝ። ከስተሻል እንዳይሉኝ እህትዎ፣ አክስቴ ወርቅአፈራሁ፣ በቃኝ ስላት አልሰማሁም እያለች ታጎርሰኛለች። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ግማሹ ፈርሶ ጎረቤቱ ቢሳሳም የእሷ ቤት ሰው አይጠፋበትም።

ማክሰኞ ስደውልልዎት «ፈተናው ደህና ነበር» ብዬ ቶሎ የዘጋሁት እማዬ አጠገብዎ ስለነበረች ነው። ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ዑዘይር ነገ ለሱቅዎ ዕቃ ሊያደርስ ወደ እናንተ ስለሚወርድ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ ልላክልዎት ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መልእክት ገባልኝ። ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ፈተናው ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው ይላል። የመግቢያ ወረቀቱን ከድረ ገጹ አውርዶ ፕሪንት አድርጎ ያልያዘ አይገባም፤ በሩም ልክ በስምንት ይዘጋል። የሚፈልጉት ሰው አንድ ብቻ ነው። አባባ፣ ከተመረቅኩ አሥራ ስምንት ወሬ ነው፤ እስከ ፈተና በር የጠራኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ወረቀቱ ፒዲኤፍ የሚሉት ነው፤ ልክ እንደ ታተመ ገጽ ሆኖ በስልክም በኮምፒውተርም የሚከፈት ፋይል። በስልኬ ስነካው ነጭ ገጽ ብቻ ሆነብኝ። ከቴሌግራም አውጥቼ በክሮም ሞከርኩት፤ አሁንም ነጭ። ላውርደው ስል ስልኩ ቦታ የለኝም አለ። ፎቶዎቼን አጠፋሁ፤ እርስዎ በፉጨት ያጀቡኝን የምረቃዬን ቪዲዮ ሳይቀር። ወንድሜ ቴዎድሮስ ስልክ ላይ ካለ ይላክልኝ፤ ስላጠፋሁት እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ መውረድ ጀመረና ግማሽ ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። የወረደውን ስከፍተው ፋይሉ ተበላሽቷል አለኝ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ስድስት ሰዓት አለፈ።

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ጋሽ መብራህቱ የሚባሉ ሰው የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው፤ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮችም አሏቸው። በሩጫ እዚያ ስደርስ አንደኛው ላይ ኢልያስ የሚባል ልጅ ተቀምጧል። እሱም የመጣው ለዚያው ወረቀት ነው። ገጹን ስንከፍት በሁለታችንም ፊት ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ግንኙነቱ አይታመንም ይላል። ጋሽ መብራህቱ ከኋላችን ቆመው «ልጆቼ፣ ይሄ የሌባ ገጽ ነው። የባንክ ቁጥራችሁን ሳይወስድባችሁ ተነሡ» አሉን። ኢልያስ «ጋሼ፣ ቁጥሩን ይውሰደው፤ ባዶ መሆኑን ሲያይ አዝኖ ያስገባልኝ ይሆናል» አላቸው። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። እርስዎ በስልክ የሚመጣ ሥራ ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው ያሉኝ ትዝ ብሎኝ ቦርሳዬን አንሥቼ ነበር።

ከቀዩ ሥር በትንሹ የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ነገር ተጽፏል። ጋሽ መብራህቱ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው «ሰባት ከሩብ፤ ይኸው ልክ ነው» አሉ። እውነትም ልክ ነበር። ሌላ ብራውዘር ሞከርን፤ ዘግተን ከፈትነው፤ ያው ቀይ። ሰባት ተኩል ሊሆን ሲል ስልኬን ሳየው 2026 ይላል። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ደግሞ 19/5/2018። ጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት። ለካ የማሽኖቹ ትንሿ ባትሪ ስለሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ቀናቸው ይጠፋል፤ የዚያን ቀን ጠዋትም መብራት ሄዶ ስለነበር ጋሽ መብራህቱ ቀኑን በእጃቸው ሞልተውታል፤ የሞሉት ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። ማሽኑ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጧል፤ ድረ ገጹ የሌባ አለመሆኑን የሚያሳይበት መታወቂያ ገና ያልተሰጠ ስለሚመስለው አያምነውም። እኛ ደግሞ ቀኑን አሥር ጊዜ አይተን ምንም ስህተት አልታየንም።

እኔ ያለሁበትን ማሽን ቀን በፈረንጅ ቀየርኩት፤ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ከዚያው ከብራውዘሩ ሳትመው የስሜ ፊደል ሁሉ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ወጣ። ፋይሉን መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ አውርጄ ሳትመው «ምኞት ደምመላሽ» ብሎ ወጣልኝ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። እየወጣሁ ኢልያስን «ቀኑን አስተካክለው» አልኩት። ጥጉን አየና «ቀኑ ልክ ነው እኮ» አለኝ። ሰማሁት፣ አባባ። ተመልሼ ላሳየው ብል አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው የሚለው መጣብኝ፤ አልመጣብኝም ብልዎት ውሸት ነው። ቁልቁለቱን መሥሪያ ቤቱ ወዳለበት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሮጥኩ።

ደርሼ ገባሁ። የተቀመጥኩት መስኮት አጠገብ ነበር። ስምንት ከአሥር ላይ ኢልያስ ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። ጥበቃው የእጅ ሰዓቱን አሳየው። ኢልያስ ብዙም አልተከራከረም፤ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ትንሽ ቆሞ ሄደ። ጥያቄዎቹ ከባድ አልነበሩም፤ አንዱን ግን አምስት ጊዜ አንብቤው አልገባኝም።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ መብራህቱ ጋ ሄድኩ። ኢልያስም እኔ ከወጣሁ በኋላ የቀኑ ነገር ዘግይቶ ገብቶት፣ መጀመሪያ ያተመው ሳጥን በሳጥን ሆኖበት ጥሎት ነበር፤ ወረቀቱን ከቅርጫት አገኘሁት። ስሙ ባይነበብም የማመልከቻ ቁጥሩ ይነበባል። ይዤው መሥሪያ ቤቱ ገባሁና ለጸሐፊዋ ልጁ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ኮምፒውተር ፊት እንደነበረ፣ ያስቀረው የማሽኑ ቀን እንደሆነ ነገርኳት። «አንቺም ተፈታኝ ነሽ አይደል? ታዲያ ምን አገባሽ?» አለችኝ። «ባሳየው ኖሮ ይደርስ ነበር» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ቁጥሩን ጻፈችው። ይፈተናልም አይፈተንምም አላለችኝም።

አክስቴ ብትሰማ ቂል ነሽ ትለኛለች። እርስዎ ምን እንደሚሉኝ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ በዑዘይር መልስ ይላኩልኝ። ኢልያስን ለፈተና ከጠሩት የሥራ ቦታው ያው አንድ ነው፤ ልጁም ፈጣን ነው። እስከ ዛሬ ለእኔም አልደወሉም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ለማን ብዬ እንደምመኝ ግን ግራ ይገባኛል።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ የፈተናውን ነገር ግን ለጊዜው አይንገሯት። ቴዎድሮስን ሱቁን እያገዘ ትምህርቱን እንዳይዘነጋ ይበሉልኝ። ኤዶምን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ያዘዘችኝን የፀጉር ጌጥ ዑዘይር ይዞላታል። አያቴ አሰፋች ትመርቀኝ፤ ስትመርቅ ግን ስሜን ብቻ አትጥራ፣ ኢልያስንም ጨምራ ትጥራ።

ልጅዎ ምኞት ደምመላሽ
አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ
ዓርብ፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.