የነቀልኩት ኮሰረትሽ

ብርቄ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከዚህ ቤት ከወጣሽ ዓመት ከአምስት ወር ሆነሽ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ለቅሶ ብቻ ስለነበር ነው፤ ለቅሶ ደግሞ አንቺ አትወጂም። አሁን ግን የምኮራበት ነገር አገኘሁ። እንደምታውቂኝ ጉራዬን የሚሰማልኝ ሰው ካጣሁ እህል አይወርድልኝም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሳትሰለቺ የሰማሽልኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ ቀይሬዋለሁ፤ ዘንድሮ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። እኔም ምናለሽ ተራ መውረዴን አልተውኩም። ከአሮጌ በርሜል ምድጃና ባልዲ መቀጥቀጤን ቀጥያለሁ፤ ጉልበቴ እየከዳኝ ስለሆነ ግን ከምሳ በኋላ ቤት ነኝ። ጎረቤታችን ዘይነባ ደህና ናት። ዓርብ ዓርብ ከአንዋር መስጊድ ስትመለስ በሬን ሳታንኳኳ አታልፍም። ምላሷም እንደ ድሮው ነው፤ ምንም አልደነዘም።

የተበላሸው መደብሽ ነበር። ከግቢው በር ጀምራ ግድግዳውን ይዛ እስከ ቧንቧው ድረስ የምትሄደው፣ አምስት እርምጃ የማትሞላው የአትክልት መደብሽ። ሁለት ክረምት አልፎባት ሙጃ ወረሳት። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የዱባ ሐረግ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ነፋስ ያመጣው ፌስታል ሁሉ እዚያው ተሰካ። የግቢው ድመት ብቻ ናት መግቢያውን የምታውቀው። ስንፍና አልነበረም፣ ብርቄ። እኔ የሠራሁልሽ ውኃ ማጠጫ አንቺ በሰቀልሽበት ሚስማር ላይ እንዳለ ነበር፤ እሱን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዙሬ አልፍ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ልጃችን መሲ ደወለችልኝ። ባለፈው ዓመት መስቀል ሐዘን ላይ ስለነበርን ምንም አላደረግንም። ዘንድሮ ግን ቅቤውን የማነጥረው እኔ ነኝ አለች። እንደ እማዬ፣ በእማዬ ኮሰረት ነው የማነጥረው አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ኮሰረቱ አለ አይደል ብላ ጠየቀችኝ። እንዴታ አልኳት። መደቧን አጽድቼ እጠብቅሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

እውነቱን ልንገርሽ? ከዚያ ሁሉ ጫካ ውስጥ ኮሰረቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስድሳ ስምንት ዓመት በቅቤ ስበላው የኖርኩ የጉራጌ ልጅ! ደርቆ በእፍኝሽ ይዘሽው ስትገቢ እንጂ ቆሞ አይቼው አላውቅም፤ ቆሞም ካየሁት ልብ አላልኩትም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኔ ነው። ዘይነባን ብጠይቃት በአንድ ቃል ትነግረኝ ነበር። ግን እስከ ጥምቀት ድረስ ትስቅብኛለች ብዬ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ከአገር ቤት ያመጣሽበትን ቀንማ እንዴት እረሳዋለሁ። ተጋብተን ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አቅፈሽ አውቶቡስ ውስጥ ገባሽ። ከጣሪያው ላይ ይጫን ብልሽ እምቢ። ከወንበሩ ሥር ይቀመጥ ብልሽ እምቢ። ያን ሁሉ መንገድ ጭንሽ ላይ አድርገሽ መጣሽ። አውቶቡስ ተራ ጓደኞቼ ሊቀበሉን ቆመዋል፤ ሙሽራዬ ቅጠል ታቅፋ ስትወርድ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መርካቶ የሌለ ነገር የለም እኮ አልኩሽ በሹክሹክታ። አንቺ ግን ድምፅሽን እንኳ ዝቅ ሳታደርጊ «እናቴ የተከለችው የለም» አልሽኝ። ሻንጣዬን አነሳሁ።

ወደ መደቡ ልመለስ። ጳጉሜን ሊገባ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ ቀርቼ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጤና አዳሙንና በሶብላውን አውቃቸዋለሁ። ሌላውን ሁሉ በጅምላ አረም ነው ብዬ ፈረድኩበት፤ ኮሰረቱማ ከሥር ተሸፍኖ ይሆናል፣ ሳጸዳ ይገለጣል ብዬ ነው። የዱባው ሐረግ የተጠመጠመበት፣ ሻካራ ቅጠል ያለው አንድ ቁጥቋጦ አልነቀል ብሎ አስቸገረኝ። በርሜል የምፈለቅቅበትን ብረት አምጥቼ ከነሥሩ ገነጠልኩት። ግትር ነህ ብዬ እንደሰደብኩት ትዝ ይለኛል። አረሙን ሁለት ማዳበሪያ ሞላሁ፤ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሴቶች ጋሪያቸውን እየገፉ ሲመጡ እኔው ራሴ ተሸክሜ ጫንኩላቸው። ገና አራት ሰዓት አልሆነም። ወገቤን ይዤ ቆሜ ሥራዬን ሳደንቅ ዘይነባ ብቅ አለች፣ ማሻአላህ ብላ አደነቀችልኝ። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር አየችና «ኮሰረቱስ?» አለችኝ።

ላቤን ልጠርግ እጄን ወደ ፊቴ ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። የመስቀል ዋዜማ ሸተተኝ። የወጥ ቤትሽ ሽታ፣ የቀሚስሽ ሽታ፣ ከሁለቱም መዳፎቼ ላይ። ብርቄ፣ ግትር ብዬ የሰደብኩት ቁጥቋጦ እሱ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እኔም በነጠላ ጫማ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ እንደሆንኩ ከግቢው ወጥቼ ሮጥኩ።

መርካቶ ውስጥ ሽማግሌ ሲሮጥ ሰው የሚጠረጥረው አንድ ነገር ነው። አንዱ «ሌባ! ያዘው!» ብሎ ጮኸ። ማን እንደሚያዝ ሳይጠይቁ አምስት ስድስት ሰዎች አብረውኝ መሮጥ ጀመሩ። እንዳላስቆማቸው ትንፋሽ የለኝም፤ እንዳልቆም ጋሪው ሊያመልጠኝ ነው። እንዲሁ ተግተልትለን የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ደረስን። ሊገለብጡት ጋሪውን አዘንብለውታል። ከሴቶቹ አንዷ ደንግጣ «ጋሼ፣ ምን ተወሰደብዎት?» አለችኝ። ቅጠል አልኳት። አብሮኝ የሮጠው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። «ለቅጠል ነው እንዴ እንደዚህ ያስሮጡን?» አለኝ አንዱ፣ ወገቡን ይዞ እያለከለከ።

ያኔ አውቶቡስ ተራ ያፈርኩት ሰውዬ በዚህ ቀን አላፈርኩም። ሁለቱን ማዳበሪያ አስወርጄ መንገዱ ዳር ዘረገፍኳቸው። ተንበርክኬ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ አፍንጫዬ ጋ እያደረስኩ መለየት ጀመርኩ። ሰው ከቦ ያየኛል፤ እኔ አሸታለሁ። አንድ ጎልማሳ ተሸካሚ የተሸከመውን ጥቅል ምንጣፍ አውርዶ «ኮሰረት ነው እንዴ?» አለኝ፤ የአገራችን ሰው ነው። የሚስቴ ነው አልኩት፣ ሞታለች። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ እኔ በአፍንጫዬ የምደክምበትን እሱ በዓይኑ ብቻ እየለየ ይለቅምልኝ ጀመር። ሥሩ የተረፈውን ጉቶ ያገኘው እሱ ነው። ኮቴን አውልቄ ከቅርንጫፎቹ ጋር ጠቀለልኩት፣ አቅፌም ወደ ቤት ተመለስኩ።

ዘይነባ እንዴት እንደሚተከል አሳየችኝ። እየሳቀችብኝ ነው ያሳየችኝ፤ ይገባኛል። ጉቶውን ድሮ የነበረበት ቦታ መለስነው፣ ከቅርንጫፎቹም አራቱን አጠገቡ ቀበርናቸው። የቀረውን ቅጠል ንጹሕ ላሜራ ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት። ከዚያ በምችለው ሙያ መጣሁ። የበርሜል ላሜራ ቆርጬ ለመደብሽ ዙሪያዋን ክፈፍ ሠራሁላት፤ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። በሩ ጋ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ኮሰረቱ ፊት ለፊትም ትንሽ ቆርቆሮ ተክዬ በሚስማር «እንዳትነቅሉ» ብዬ ጻፍኩበት። ዘይነባ አነበበችውና በዚህ ግቢ ማስጠንቀቂያው የሚያስፈልገው ለአንተ ብቻ ነው አለችኝ።

ጉቶው ግን ቅጠሉን ሁሉ አራገፈ። ጠዋት ጠዋት ውኃ ማጠጫሽን ከሚስማሩ እያወረድኩ አጠጣለሁ፤ እሱ ይደርቃል። ለመሲ ምን እንደምላት ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። የእናትሽን ነቀልኩት እንዴት ይባላል? ለመስቀል ዋዜማ ስትመጣ ከበሩ ሳትገባ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሌባ ያዙ የተባለውን ጨምሬ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቆይታ እንባው ብቻ ቀረ።

ቅቤውን ያነጠረችው ባደረቅኩት ቅጠል ነው። ስታማስል ከጀርባዋ ቆሜ አየኋት፤ እንዳንቺ ማንኪያውን በግራ እጇ ነው የምትይዘው። ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች፣ ለእኔም አቀመሰችኝ። የአንቺው ነው፣ ብርቄ። አንዲት ነገር አልጎደለውም። በማግስቱ ክትፎውን ስንበላ ስምሽን ያልጠራ የለም፣ እኔም ያነጠረው የእኔ ልጅ እጅ ነው እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ጉቶውስ? መስቀል አልፎ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ውኃ ሳጠጣ ከሥሩ ሁለት ቅጠል አየሁ፤ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጡም። አንዷን በጣም በቀስታ ነካሁና ጣቴን አሸተትኩ። ማንም አላየኝም እንጂ ቧንቧው አጠገብ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ከአራቱ ቅርንጫፎችም ሦስቱ ያዙ። አሁን ታኅሣሥ ነው፤ ጉቶው ክፈፉን ሊበልጥ ምንም አልቀረው።

ባለፈው እሑድ መሲ መጥታ ከሦስቱ አንዱን ወሰደች፤ ኮንዶሚኒየሟ በረንዳ ላይ ልትተክለው። እጀታ ያለው፣ ከሥሩ የተበሳሳ ቆርቆሮ ሠርቼ በአፈሩ አሰናዳሁላት። እስከ አብነት ታክሲ ተራ ሸኘኋት። ታክሲው ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው ገባች። ረዳቱ እጁን ዘርግቶ ቅጠሉን ከኋላ ላስቀምጥልሽ አላት። አልሰጠችውም። ሰው ሞልቷል፣ ቦታ ይይዛል አላት። ጭኗ ላይ አደረገችው፣ በሁለት እጇም አቀፈችው። ያን የአውቶቡስ ነገር ነግሬያት አላውቅም፣ ብርቄ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ታክሲው በር ላይ ቆሜ፣ የአብነት ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ «ተዋት! የእናቷ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

በአርባ ዓመት ዘግይቼ ነው የጮህኩት፤ ይቅር በይኝ። ውኃ ማጠጫሽ ከእንግዲህ ሚስማር ላይ አይውልም። እጄ ባልዲ ማንሳት እስከቻለ ድረስ መደብሽ አትጠማም፤ በየጠዋቱም ያንን ቅጠል በጣቴ አሽቼ፣ ስምሽን ጠርቼ ነው ሥራ የምወርደው።

ባልሽ ወልዴ