መልሰሽ አንብቢልኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ትረግሚዋለሽ? ዓይንሽስ? እንቅልፍሽስ መለስ አለልሽ? እኔም ባለቤቴም ልጅቷም ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ይህን የምታነብላት ታናሼ፣ አንተስ እንዴት ነህ? እንደ ልማድህ ያልጣመህን መስመር እንዳትዘል፤ ፊትህን አይታ ታውቅብሃለች።

እማዬ፣ በታናሼ እጅ ያጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። «በጋዜጣው ላይ ማስተባበያ አውጥተሽ ዘመዳችንን ይቅርታ ጠይቂ፤ አለዚያ እናት አለኝ አትበይ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መልሴን ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው፤ አላወጣም። ነገሩን ግን ከሥሩ ልንገርሽ፤ እናንተ ዘንድ የደረሰው ወሬ ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎ ነው የመጣው።

የአክስትሽን ልጅ፣ ግንበኛውን፣ እዚህ በስሙ የሚጠራው የለም። የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበት ውሃ ልኩ ከኋላ ኪሱ ስለማይለይ እሱንም «ውሃ ልክ» ይሉታል። መጀመሪያ ስመጣ ቤቱ ያስጠጋኝ፣ ዓመት ከአራት ወር ከልጆቹ ሳይለየኝ ያበላኝ እሱ ነው። ይህን ክጄ አላውቅም፤ ወደፊትም አልክድም። የልጄን ትምህርት ቤት አዳዲስ ክፍሎች የሠራውም እሱ ነው። አንድ ጠዋት ልጄን ላደርስ ስገባ ከመቀመጫዋ አጠገብ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አየሁ። ልጅቷ እርሳሷን ስንጥቁ ውስጥ ከተተችው፤ እስከ ግማሹ ገባ። ለካ ልጆቹ የእርሳስ ማስቀመጫ አድርገውት ኖሯል።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። መምህራኑን ጠየቅሁ፣ መሐንዲስ ይዤ ሄድኩ፣ አብረውት የሠሩትን የቀን ሠራተኞች አነጋገርኩ። ጽፌ ስጨርስ፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ ከመታተሙ በፊት ለባለጉዳዩ ላነብለት ቤቱ ሄድኩ። በዚህ ልማዴ የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። አለቃዬማ «አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ ወይስ ደብዳቤ አንባቢ?» ይለኛል። ካንቺ እንደተማርኩት አልነገርኩትም። ልጅ ሆኜ ደብዳቤ ስታጽፊኝ «መልሰሽ አንብቢልኝ፤ ያላልኩትን ባፌ እንዳታስገቢ» ሳትዪ ፖስታው ተዘግቶ አያውቅም።

ውሃ ልክ አገጩን በእጁ ደግፎ ሰማኝ። «ምሰሶዎቹ ፌሮ የላቸውም» የሚለው ላይ ስደርስ ግን አላስቻለውም። «ፌሮማ አላቸው፤ ሁለት ሁለት ብረት። አራት አራት መሆን ነበረበት እንጂ» ብሎ አረመኝ። የግንበኛ ኩራት እንዲህ ነው፤ ራሱን በራሱ አስያዘ። ጻፍኩት። ትምህርት ሳይጀመር ጨርስ ብለው እንዳጣደፉትም ነገረኝ፤ ያንንም ጻፍኩ። በመጨረሻ ሌላ የማርመው ነገር እንዳለ ጠየቅሁት። «ሁሉም እውነት ነው፤ ግን አታውጪው» አለኝ። አንጀቴን በላው፣ እማዬ። ቢሆንም አወጣሁት።

ክፍሎቹ ተዘጉ፤ ልጆቹ አሁን በፈረቃ ይማራሉ፤ ግድግዳውም ፈርሶ እንደ አዲስ እየተሠራ ነው። ውሃ ልክ ግን የጀመረውን ሌላ ሥራ አጣ፤ «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» እያለ ለዘመድ ሁሉ አዳረሰ። ሚስቱ መንገድ ላይ ፊት ነሳችኝ። ባለሱቋ እንኳ እኔ ስገባ ወሬዋን ታቋርጣለች። ባለቤቴ «አንቺን አግብቼ ሰላምታ ተወደደብኝ» ይላል፤ እየቀለደ ነው፤ ግን ደክሞታል። ልጄ ደግሞ ቤት ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ ስናደርግ «እማ፣ ይሄም ይታተማል?» ትላለች። ፊቷ ስቄ፣ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ወሬ ስከታተል ቤቴን የረሳሁባቸው ቀናት አሉ፤ በዚያ ይቅርታ ጠይቂ ብትሉኝ እጠይቃለሁ። እውነት በመጻፌ ግን ይቅርታ ከምጠይቅ ሞቼ ብገኝ ይሻለኛል።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። «ማስተባበያ» የሚል ቃል ካንቺ አፍ ሰምቼ አላውቅም። የቱንም ያህል ብትቆጪ «እናት አለኝ አትበይ» ብለሽኝ አታውቂም። ስለዚህ ደብዳቤውን አጥፌ እዚሁ ፖስታ ውስጥ መልሼልሻለሁ። ታናሼ፣ ፊቷ ተቀምጠህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብብላት። እማዬ፣ ቃሉ ያንቺ ከሆነ አውራ ጣትሽን ቀለም ነክረሽ ጫኚበትና ላኪልኝ። ያኔም ማስተባበያው አይወጣም፤ እኔ ግን መጥቼ ፊትሽ እቆማለሁ፤ እስኪበቃሽ ትሰድቢኛለሽ።

ለአባዬ በጣም እንደናፈቀኝ ንገሪልኝ፤ ይህ ሲነበብ ሬዲዮኑን ትንሽ ይቀንስልኝ። ታላቅ እህቴን ከነልጆቿ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በዪልኝ። አንተም ታናሼ፣ ብቀየምህም እወድሃለሁ።

ይህ ደብዳቤ ስለ ውሃ ልክም ስለሆነ ከማሸጌ በፊት ሄጄ አነበብኩለት። ግቢ አላለኝም፤ በሩ ላይ እንደቆምን ሰማኝ። ያስጠጋኝን ጊዜ «ዓመት» ብዬ ነበር የጻፍኩት። «ዓመት አይደለም፤ ዓመት ከአራት ወር ነው። ሌላው ልክ ነው» ብሎኝ በሩን ዘጋ። አርሜዋለሁ።

ልጅሽ
ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከቤታችን
እሁድ ከሰዓት፣ በወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን